ትእዛዙ ሳይደርስ ሲቀር፦ ስለ ከባድ ቦቱሊዝም

(ኮለምበስ፣ ኦሃዮ በማኅበረሰባችን የጤና ቀን ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። በጽሑፍ አስቀምጪልን ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ከሞላ ጎደል እንደተናገርኩት አቀርበዋለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይ ደግሞ ሌሊቱን ሥራ አድራችሁ ዓይናችሁን ሳትከድኑ የመጣችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ ፈጣሪ ያክብርልኝ። ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶች፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ግቡና ተቀመጡ። ለአዘጋጆቹም ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ስለ ጤና ተናገሪ ስባል ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት የማወራ የመሰላችሁ ትኖራላችሁ። ስለ እነሱ ብዙ ተብሏል፤ ገናም ይባላል። ዛሬ የማወራችሁ ስሙን እንኳ ሰምታችሁት ስለማታውቁት በሽታ ነው። ቦቱሊዝም ይባላል። ፈረንጆቹ ሲጠሩት «ቦቹሊዝም» ነው የሚሉት። ሆስፒታል ሄዳችሁ ስትናገሩት እንዲገባቸው እንደ እነሱ በሉት። እስቲ አብረን፦ ቦቹሊዝም! አንድ ጊዜ ይደገም፦ ቦቹሊዝም! ጎሽ። ይህን ቃል ዛሬ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግማሹን ሥራ ሠርተናል።

ከስንቱ በሽታ ይሄን ምን አስመረጠሽ ትሉኝ ይሆናል። በሽታው ብርቅ ነው፤ እውነት ነው። ግን ሲመጣ ጊዜ አይሰጥም። ብርቅ ስለሆነ ደግሞ ሐኪሙም ቶሎ ላይጠረጥረው ይችላል። በሽተኛው ትናንትና ከትናንት ወዲያ ምን እንደበላ የሚያውቀው ማነው? ቤተሰቡ ነው። አብሮ የበላው ነው። እናንተ ናችሁ።

ደግሞም ሩቅ አገር የሆነ ነገር አይደለም። ላንካስተርን የማያውቅ አለ? ከዚህ ወደ 30 ማይል ነው። በ2015 ኤፕሪል 19 ቀን፣ እሑድ ነው፣ እዚያ ባለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናኑ አብረው ማዕድ ቆረሱ። እኛ ያን ዕለት ዳግማይ ትንሣኤን እያከበርን ነበር። ሁሉም ከየቤቱ የሠራውን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረው። ከ50 በላይ ዓይነት ምግብ ነበር። 77 ሰው በላ። ተሳሳቁ፣ ተመራረቁ፣ ወደየቤታቸው ሄዱ።

ማክሰኞ ዕለት አንድ ሕመምተኛ እዚያው ከተማ ሆስፒታል ደረሰ። ሐኪሞቹ ቦቱሊዝም ጠረጠሩ። ጠርጥረውም ዝም አላሉም፤ ለጤና ቢሮ ደወሉ። ከደወሉ በኋላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ያንኑ ምልክት የያዙ ሌሎች አራት ሰዎች ድንገተኛ ክፍል ገቡ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሕመምተኛ ገና እንደደረሰ መተንፈስ አቅቶት አረፈ። ባጠቃላይ 29 ሰዎች ታመሙ። ትንሹ የ9 ዓመት ልጅ፣ ትልቁ የ87 ዓመት አዛውንት። 11ዱ በመሣሪያ ነው የተነፈሱት። 22ቱ ወደዚህ፣ ወደ ኮለምበስና አካባቢዋ ስድስት ሆስፒታሎች ተላኩ። የፌዴራሉ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ 50 ዶዝ ማርከሻ ላከ። 25 ሰዎች ተሰጣቸው። ከመጀመሪያው ሟች በኋላ አንድም ሰው አልሞተም።

ይህቺን ነገር ያዙልኝ። ከአንዱ በኋላ አንድም ሰው አልሞተም! ለምን? ቶሎ የጠረጠረ ሰው ስለነበረ። ቶሎ የደወለ ሰው ስለነበረ። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው።

ንግግሬን ሦስት ቦታ እከፍለዋለሁ። በሽታው እንዴት ይታወቃል? ከታወቀ በኋላ እንዴት ይታከማል? ወጥ ቤታችንን ምን ይመለከተዋል? ከሦስቱ መካከለኛው ይረዝማል፤ ሥራዬ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ስለሆነ ታገሡኝ።

እንግዲህ የመጀመሪያው። ቦቱሊዝም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ምግብ ውስጥ ከሚያድግ ባክቴሪያ ነው፤ ሰውን የሚጥለው ደግሞ ባክቴሪያው የሚያመነጨው መርዝ ነው። መርዙ ከአንጀት ወደ ደም ይገባል። ከዚያ ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበት ቦታ ይሄዳል። ነርቩ «ተንቀሳቀስ» ብሎ ለጡንቻው የሚልከው ኬሚካል አለ፤ መርዙ ያ ኬሚካል እንዳይለቀቅ ያግደዋል። መብራት እንደጠፋበት ቤት አስቡት። አምፖሉ አልተቃጠለም። ግድቡም ውኃ አላጣም። መሐል ላይ ሽቦው ነው የተበጠሰው። የሰውዬው አንጎል ደህና ነው፤ ጡንቻውም ደህና ነው። ትእዛዙ ግን አይደርስም።

ከየት ይጀምራል? ከላይ። ከላይ ነው የሚጀምረው! የዓይን ቆብ ይወድቃል፤ ሰውዬው እንቅልፍ የመጣበት ይመስላል። ብዥ ይልበታል። አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይታየዋል። አፉ ክው ብሎ ይደርቃል። ምላሱ ይተሳሰራል፤ ድምፁ በአፍንጫው የሚወጣ ይመስላል። ውኃ ሲጠጣ ትን ይለዋል። ከዚያ አንገቱ ይዝላል፤ ራሱን ከትራስ ማንሳት ያቅተዋል። ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ ክንድ፣ ከዚያ ደረት፣ ከዚያ እግር። ቀኝና ግራው እኩል ነው የሚደክመው።

ከዚህ በፊት ወይም ከዚህ ጋር ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት ሊኖር ይችላል። ኋላ ላይ ሆድ ይደርቃል፤ ሽንትም እምቢ ሊል ይችላል።

ሦስት የማይኖሩ ነገሮች ደግሞ አሉ፤ እነሱም ምልክት ናቸው። ትኩሳት አብዛኛውን ጊዜ የለም። መደንዘዝ የለም፤ ሲነኩት ይሰማዋል። ግራ መጋባት የለም። ልብ በሉ፤ ግራ መጋባት የለም! ሰውዬው ዓይኑ ተከድኖ፣ ምላሱ ተሳስሮ፣ አእምሮው ግን እንደ እኔና እንደ እናንተ ንቁ ነው። ስሙን ጠይቁት፣ ቀኑን ጠይቁት፤ በተኮላተፈ አንደበት ትክክለኛውን ይነግራችኋል።

ብዙውን ጊዜ ምልክቱ የሚወጣው ምግቡ ከተበላ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ግን ሊፈጥንም ሊዘገይም ይችላል። የላንካስተሮቹ አንዳንዶቹ በማግስቱ ነው የታመሙት፤ እስከ ስድስተኛው ቀን የቆየባቸውም ነበሩ። ስለዚህ «ዛሬ ምን በላህ?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። የሳምንቱን ጠይቁ።

በምን ይሳሳታል? በስትሮክ ይሳሳታል። ስትሮክ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ጎን ነው የሚይዘው። ጊላን ባሬ በሚባለው የነርቭ በሽታ ይሳሳታል። እሱ ግን እንደ ልማዱ ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይሄኛው ከዓይን ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ማያስቴኒያ በሚባለው የጡንቻ መድከምም ይሳሳታል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። ዓይኑ የተከደነ፣ ምላሱ የተሳሰረ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲገባ «ጠጥቶ ነው፣ ዕፅ ወስዶ ነው» ሊባል ይችላል። ጥቁር ሰው ከሆነና እንግሊዝኛው ከከበደው ደግሞ ይህ ፍርድ ይበልጥ ይቀላል። ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ዝም እንዳትሉ! «አባቴ መጠጥ በአፉ አይዞርም። ትናንት ደህና ነበር። ዛሬ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየዋል። ቤት ውስጥ የታሸገ ምግብ በልቷል። ቦቹሊዝም ሊሆን ይችላል ወይ?» በሉ። አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁ። የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ በነፃ ሊያቀርብላችሁ ይገባል። ልጃችሁን አታስተርጉሙ። ልጅ ይደነግጣል፤ የሕክምና ቃልም አያውቅም።

ሌላም አለ። ሁለት ሰው ተመሳሳይ ምልክት ይዞ ከመጣ፣ በአንድ ማዕድ የበሉም ከሆኑ፣ ያን ጊዜ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በ1985 ካናዳ፣ ቫንኩቨር ውስጥ አንድ ምግብ ቤት የበሉ 36 ሰዎች ታመው ነበር። ችግሩ ግን እንግዶቹ በልተው ወደየአገራቸው ተበትነዋል። አንዱ እዚህ፣ አንዷ እዚያ ሆስፒታል ገቡ። እያንዳንዱ ሐኪም አንድ በሽተኛ ብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ ነገሩ እስኪገጣጠም ብዙ ጊዜ ፈጀ። እኛም እንዲሁ ነን። ሠርግ ከሚኒሶታ፣ ከዲሲ፣ ከዳላስ ሰው ይሰበስባል፤ በማግስቱ ይበተናል። ከሠርግ መልስ አንድ ዘመድ ቢታመም ለሌሎቹ መደወል ከእኛ ይጠበቃል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ሕክምናው ሁለት እግር አለው። አንደኛው ማርከሻው ነው፤ ሁለተኛው ትንፋሽን ማኖር ነው።

ማርከሻው አንቲቶክሲን ይባላል። ከፈረስ ደም የሚዘጋጅ ነው። ሰባቱንም የመርዝ ዓይነቶች የሚይዘው በ2013 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ማንኛውም ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የምታገኙት መድኃኒት አይደለም። ሐኪሙ ለስቴቱ ጤና ቢሮ ይደውላል፤ ጤና ቢሮው ከሲዲሲ ጋር ያገናኛል፤ ሲዲሲ ያማክራል፤ ማርከሻው ከብሔራዊ ክምችቱ ይላካል። ሌሊትም በዓልም ቢሆን ስልኩን የሚያነሳ ሐኪም አለ።

ማርከሻው ምን ይሠራል? በደም ውስጥ እየዞረ ያለውን መርዝ ይይዛል። ምን አይሠራም? ነርቭ ውስጥ የገባውን አያወጣም። የወደቀውን የዓይን ቆብ አያነሳም። የሞተውን ክንድ አያንቀሳቅስም። ታዲያ ምን ዋጋ አለው ትሉኝ ይሆናል። ዋጋውማ እዚህ ላይ ነው! በሽታው ዓይንና ምላስ ላይ እያለ ማርከሻው ከደረሰ እዚያው ሊገታው ይችላል። ደረት ከደረሰ በኋላ ከተሰጠ ግን በሽተኛው ሳምንታት፣ ወራትም፣ በመሣሪያ ሊተነፍስ ነው። የዘገየችው እያንዳንዷ ሰዓት ከዚያ ላይ የምትጨመር ናት።

ለሙያ ጓደኞቼ አንድ ነገር አደራ ልበል። ላቦራቶሪን አትጠብቁ። የደሙም፣ የሰገራውም፣ የምግቡም ናሙና ይወሰድ፤ ደሙ ማርከሻው ከመሰጠቱ በፊት ይቀዳ። ውጤቱ ግን ቀናት ይፈጃል። ማርከሻው የሚሰጠው በምልክቱ ነው። ከፈረስ የመጣ ስለሆነ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል፤ አልጋው አጠገብ ተዘጋጅቶ መቆም ያስፈልጋል። ከቁስል የሚመጣ ቦቱሊዝምም አለ፤ በተለይ ዕፅ በመርፌ ከቆዳቸው ሥር በሚወጉ ሰዎች ላይ። እሱ ከማርከሻው ሌላ ቁስሉ እንዲጠረግና እንደ ፔኒሲሊን ያለ አንቲባዮቲክ እንዲሰጥ ይፈልጋል። ጄንታማይሲንና ዘመዶቹ የሆኑትን አንቲባዮቲኮች ግን ራቋቸው፤ የጡንቻውን ድካም ያባብሳሉ።

ሁለተኛው እግር ትንፋሽ ነው። ስሙኝማ፤ ይሄ በሽታ ሰውን የሚገድለው ጸጥ ብሎ ነው። አስም የያዘው ሰው ሲጨንቀው ታዩታላችሁ፤ ያቃስታል፣ ፊቱ ይቀያየራል፣ ትከሻው ይወጣል ይወርዳል። የቦቱሊዝም በሽተኛ ግን የፊቱ ጡንቻም ሞቷል። ጭንቀቱን የሚያሳይበት ፊት የለውም። ሰላም ያለ ይመስላል። ጣቱ ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያም 97 ብሎ ሊያታልል ይችላል፤ እሱ የሚወርደው ኋላ ነው። ስለዚህ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይገባል፤ በየጥቂት ሰዓቱ የሳንባው አቅም ይለካል። መለኪያው እስኪመጣ ደግሞ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። በደንብ አየር ይሳብና በአንድ ትንፋሽ ይቁጠር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ። ጠዋት 30 የደረሰ ሰው ማታ 15 ላይ ከቆመ ዶክተሩን አሁኑኑ ጥሩ። የመተንፈሻ ቱቦ የሚገባበት ጊዜ ደርሷል ማለት ሊሆን ይችላል። ቱቦ ሳይጨንቀው በፊት፣ በሥርዓቱ የገባለት ሰው ነው የሚድነው።

ለቤተሰብም አደራ አለኝ። እኛ ሰው ሲታመም አጥሚት ይዘን ነው የምንሮጠው። ፍቅራችን በማንኪያ ነው የሚለካው። እባካችሁ! ትን የሚለው ሰው አፍ ውስጥ ምንም አትጨምሩ። ሾርባም ቢሆን፣ ጠበልም ቢሆን። የጉሮሮው ጡንቻ ስለማይሠራ ወደ ሳንባው ነው የሚገባው። በአፍንጫ ቱቦ ይመገባል፤ አይራብም። በሽታው ደግሞ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እጁን ያዙት፣ ግንባሩን ሳሙት፣ ጸልዩለት። ይሄን ማንም አይከለክላችሁም።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ማንነታቸውን የሚገልጽ ነገር አልናገርም። የገጠር ሰው የሆኑ አንዲት እናት ነበሩ። ጓሯቸው ያበቀሉትን ፎሶሊያ በጠርሙስ አሽገው በክረምት ሲመገቡ የኖሩ። እኔ ሳገኛቸው ቱቦ ገብቶላቸው፣ ሁለቱም ዓይናቸው ተከድኖ፣ እጅ እግራቸው እንደ ጨርቅ ሆኖ ነበር። ለማያውቅ ሰው ራሳቸውን የሳቱ ናቸው። ዘመዶቻቸው አልጋውን ከበው ቆመው ስለ ቤቱ ሽያጭ፣ ስለ መቃብሩ ቦታ ይነጋገሩ ነበር። ክፋት አይደለም፤ አይሰሙም ብለው ነው።

እኔ ጎንበስ ብዬ ስማቸውን ጠራሁ። «የሚሰሙኝ ከሆነ የግራ እግርዎን አውራ ጣት ያንቀሳቅሱ» አልኳቸው። አንሶላውን ገልጬ እግራቸውን ለሁሉም አሳየሁ። ጣቷ ተንቀሳቀሰች። በጣም ትንሽ፣ ግን ተንቀሳቀሰች። ልጃቸው እግራቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያ በአውራ ጣቴ የዓይናቸውን ቆብ ቀስ አድርጌ ወደ ላይ ያዝኩላቸው። ልጃቸውን አዩ። እንባ ከዓይናቸው ጥግ ወረደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ንቅናቄ «አዎ»፣ ሁለት ንቅናቄ «አይ» ሆነ። ይበርድዎታል? ያምዎታል? ጎንዎን እንገልብጥ? መብራቱ ይጥፋ? ሁሉንም በእግር ጣታቸው ይመልሱ ነበር። ዓይናቸው እንዳይደርቅ ጠብታ እናደርጋለን፤ ሲጠይቁ ደግሞ ቆቡን በፕላስተር ከፍ እናደርግላቸዋለን፣ ቴሌቪዥን ያያሉ። ማስታገሻና የጭንቀት መድኃኒት እንዲሰጣቸው ተከራከርን፤ መንቀሳቀስ የማይችል ሰው ሕመም አይሰማውም ያለ ማነው? እንደ አንተ እንደ እኔ ይሰማዋል!

ቀስ እያሉ ተነሱ። ነርቩ አዲስ ጫፍ ማብቀል አለበት፤ ያ ደግሞ ሳምንታትና ወራት ይፈልጋል። ከመሣሪያው ወጡ፣ መናገር ጀመሩ። ሲናገሩ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ ቤቱ ነበር። «ሸጣችሁት እንዴ?» አሉ። ሁሉንም ሰምተዋል። ሁሉንም!

እዚህ ያላችሁ የነርስ ረዳቶች፣ አስታማሚዎች፣ የጽዳት ሠራተኞች፣ በዚህ በሽታ ወደተያዘ ሰው ክፍል ስትገቡ ሰላም በሉ። ስማችሁን ንገሩት። ምን ልታደርጉ እንደሆነ ቀድማችሁ ንገሩት። ዛሬ ዕለቱ ምን እንደሆነ ንገሩት። ስለ እሱ በእሱ ላይ ቆማችሁ አታውሩ። ድሮ በዚህ በሽታ ከተያዙት ግማሽ ያህሉ ይሞቱ ነበር። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከ100 ሰው የሚሞተው ከ5 ያንሳል። አብዛኛው ይድናል። ድኖ ደግሞ የሰማውን ያስታውሳል።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላም ነገሩ ወዲያው አያበቃም። ድካሙና የትንፋሽ ማጠሩ ለብዙ ጊዜ ሊቆይ ይችላል። «ድነሃል አይደል፣ ሥራ ግባ እንጂ» አትበሏቸው። አካላዊ ሕክምናቸውን ይከታተሉ።

ሦስተኛው ወጥ ቤት ነው። እናቶች አሁን ነው ጆሮ የምትሰጡኝ!

የባክቴሪያው ዘር አፈር ውስጥ ነው የሚኖረው። ድንችም፣ ካሮትም፣ ሽንኩርትም ላይ ይገኛል። ዘሩን መብላት ጤነኛ አዋቂን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያደርገውም። ከዓመት በታች ያለ ሕፃን ግን አንጀቱ ውስጥ ሊበቅልበት ይችላል፤ ለዚህ ነው ለሕፃን ማር አይሰጥም የሚባለው። ለአዋቂው ክፉ የሚሆነው ዘሩ ምግብ ውስጥ ሲነቃ ነው። መቼ ይነቃል? አየር ሲያጣ፣ ሙቀት ሲያገኝ፣ ምግቡ ጎምዛዛ ሳይሆን ሲቀር። ያን ጊዜ ይባዛል፤ መርዙንም ይለቃል። ምግቡ ሽታው ሳይቀየር፣ ጣዕሙ ሳይቀየር መርዝ ሊኖረው ይችላል። «እስቲ ልቅመሰው» የሚባል ነገር የለም። አንዲት ማንኪያ ሰው ትጥላለች።

የላንካስተሩ ምግብ የድንች ሰላጣ ነበር። ድንቹ ቤት ውስጥ በጠርሙስ የታሸገ ነው። ያሸገው ሰው ቀቅሎ ነው ያሸገው፤ በፈላ ውኃ። በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ዘሩ አይሞትም። ዘሩን የሚገድለው 121 ዲግሪ ድረስ የሚያደርሰው የግፊት ማሸጊያ ድስት ነው። ድንቹ ከጠርሙሱ ከወጣ በኋላም አልሞቀም፤ ቀጥታ ሰላጣ ሆነ። መርማሪዎቹ የምግብ ዕቃዎቹን ከቆሻሻ ገንዳ ለቅመው መርዙን አገኙበት።

«እኛ ድንች በጠርሙስ አናሽግም» ትሉኝ ይሆናል። እሺ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ፈጭቶ፣ ዘይት ከላይ አፍስሶ፣ ጠርሙስ ውስጥ የሚያስቀምጥ ማነው? አያችሁ! እጅ በዛ። ቅድም ያነሳሁት የቫንኩቨሩ ጉዳይ መነሻው ይኸው ነው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያልተቀመጠ፣ ዘይት ውስጥ ያለ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት። ዘይቱ አየር ያግዳል፤ የውጩ ሙቀት ደግሞ ይመቸዋል። ከሱቅ የሚገዛው አሲድ ስለሚጨመርበት ይለያል። ቤት የፈጫችሁትን ፍሪጅ አስገቡት፤ በጥቂት ቀን ጨርሱት። ከበዛ ፍሪዘር ውስጥ በትንንሹ አድርጋችሁ አቀዝቅዙት። ስትፈልጉ አንድ አንድ ታወጣላችሁ።

ቁሌትስ? በ1983 ኢሊኖይ፣ ፒዮሪያ ውስጥ 28 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ 12ቱ በመሣሪያ ነው የተነፈሱት። የበሉት ምን መሰላችሁ? ምግብ ቤት ውስጥ በማርጋሪን የተጠበሰ ሽንኩርት። በስሎ፣ ቅባቱ ውስጥ እንዳለ፣ ለብ ባለ ምድጃ ላይ ሲውል ነው መርዙ የተሠራበት። ለድግስ ሲባል ቁሌቱን ዋዜማ አቁላልቶ በትልቅ ድስት ሌሊቱን ከምድጃው ላይ መተው እኛ ጋ የተለመደ ነው። ይቅርብን። ወይ ይንተክተክ፣ ወይ በሰፊ ዕቃ ተከፋፍሎ ፍሪጅ ይግባ። መሐል ቤት፣ ለብ ብሎ፣ አይደር።

እዚህ ላይ እናቴን ላንሳ። እናቴ ያደረ ወጥ ሳይንተከተክ ለሰው አታቀርብም ነበር። እኛ ልጆቹ ርቦን እየተቁነጠነጥን «ይበቃል፣ ሞቋል» ስንላት «ገና ነው፣ ይፍላ!» ትላለች። መሐሉ ቡልቅ ቡልቅ እስኪል ድረስ በማማሰያ እያገላበጠች ትቆማለች። ሳይንስ አልተማረችም። ግን ልክ ነበረች። ዘሩ ፈልቶ አይሞትም፤ መርዙ ግን ይሞታል። 10 ደቂቃ ሙሉ የፈላ ምግብ ውስጥ መርዙ ይከሽፋል። ዛሬ እኛ ማይክሮዌቭ ውስጥ አንድ ደቂቃ ከትተን፣ ዳሩ ሞቆ መሐሉ ቀዝቅዞ እንበላለን። ያንን የእናቶቻችንን ልማድ መልሱት!

ክትፎስ የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ጥሬ ሥጋ የራሱ ጣጣ አለው፤ ኮሶውም ሌላውም። ለቦቱሊዝም ግን ዋናው መንገድ እሱ አይደለም። ይሄኛው ታሽጎ፣ አየር አጥቶ የተቀመጠ ምግብ ይወዳል። በደንብ የደረቀ ቋንጣም ርጥበት ስለሌለው አይመቸውም። በአልሙኒየም ፎይል ተጠቅልሎ የተጠበሰ ድንች ግን እንደተጠቀለለ ውጭ አይደር። ያበጠ ጣሳ፣ ሲከፈት የሚተፋ ጠርሙስ አይቀመስ፤ ይጣል።

ሌላው የማነሳው ስለ ውበት መርፌ ነው። ቦቶክስ የሚባለው ከዚሁ መርዝ እጅግ በጥቂቱ ተመጥኖ የሚሠራ መድኃኒት ነው። በሠለጠነ ሐኪም እጅ ለብዙ ሕመም ይጠቅማል። በ2023 ግን ክብደት ለመቀነስ ብለው ቱርክ ሄደው ሆዳቸው ውስጥ የተወጉ ሰዎች ወደ አውሮፓ ተመልሰው በቦቱሊዝም ታመዋል። በ2024 ደግሞ እዚሁ አሜሪካ ሐሰተኛ ቦቶክስ ሰው አሳምሟል። እህቶቼ፣ በረከሰ ዋጋ ሳሎን ቤት ውስጥ ልውጋሽ የምትል ሴት ካለች፣ እምቢ በሏት።

እንግዲህ ነገ ቤታችሁ ሰው ዓይኑ ቢከደን፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ቢታየው፣ ምላሱ ቢተሳሰር፣ 911 ደውሉ። እስከ ጠዋት አትጠብቁ፤ ራሳችሁ ነድታችሁም አትሂዱ፤ መንገድ ላይ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። የተረፈው ምግብ ካለ አትጣሉት፣ አትቅመሱትም። በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡትና ለጤና ቢሮ ስጡ። አብረው የበሉትን ሁሉ ስም ጻፉ። ሐኪሙ ስትሮክ ነው ቢላችሁም ችግር የለም፤ ይመርምር። እናንተ ግን ያቺን ቃል ተናገሩ። እስቲ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን፦ ቦቹሊዝም!

አመሰግናለሁ። አሁን ወደ ጥያቄ እንሂድ። የነጭ ሽንኩርቱን ጠርሙስ ይዘው የመጡት እናት ቅድም ጀምሮ እጃቸውን አውጥተዋል፤ ማይኩን ለእሳቸው ስጡልኝ።